ፎቅ የሚባለው የትኛው ነው?

ባለ ደርብ ቤት የሚከራይ ወይም የሚገዛ ሰው ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ሊረዳው የሚገባው ነገር አለ፤ ይኸውም ፎቅ ተብሎ የሚቆጠረው የትኛው እንደ ሆነ ነው።

ፎቅ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም «በላይ» ማለት ነው። ደርብ የሚለውም ቃል በሌላ ላይ የተደረበ መሆኑን ያስረዳል። ስለዚህ በመሬት ላይ ያረፈው ወለል በአገራችን አቈጣጠር ፎቅ አይባልም፤ ቁጥሩ የሚጀምረው ከእርሱ በላይ ነው። በአዲስ አበባ «ጂ ፕላስ ፎር» የሚባለው የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ወለሉ አምስት ሲሆን የመጨረሻው ቤት አራተኛ ፎቅ ይባላል። እንዲህ ያሉት ሕንፃዎች በተለምዶ አሳንሰር የላቸውም፤ ውኃውም ሆነ ከሰሉ የሚወጣው በሰው ትከሻ ነው።

በአሜሪካ ግን አንደኛ የሚባለው የመሬቱ ወለል ነው። በዋሽንግተን የምትኖር ልጅ በአዲስ አበባ ላሉት እናቷ ቤት ስታስፈልግ በስልክ «አንደኛ ፎቅ ይሁንልኝ» ብትል፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ደረጃ ሊወጡ ነው። ምድር ቤት ማለትም ሁልጊዜ አያድንም፤ ይህን ቃል ከመሬት በታች ላለው ክፍል የሚሰጡ ሰዎች አሉና። በውል ላይ «ከመንገድ ሲገቡ ደረጃ የሌለው» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

አስቸጋሪው በተዳፋት ላይ የተሠራ ቤት ነው፤ ከፊት ሲያዩት አንድ፣ ከኋላ ሲያዩት ሁለት ይሆናል። በአሜሪካ ብዙ ከተሞች የሚሠራበት የሕንፃ ደንብ ለዚህ ልክ አበጅቶለታል። በቤቱ ዙሪያ ያለው የመሬት ከፍታ በአማካይ ይወሰዳል፤ ከምድር በታች ካለው ክፍል በላይ ያለው ወለል ከዚያ አማካይ ከ6 ጫማ፣ ማለት ከ1 ሜትር ከ83 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ ካለ፣ ታችኛው ክፍል እንደ አንድ ፎቅ ይቈጠራል። በአንድ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሜዛኒን ደግሞ በጠቅላላው ከክፍሉ ሲሶ ካላለፈ ለብቻው አይቈጠርም።

ከፍ ዝቅ ያለ ወለል ሁሉ ፎቅ አለመሆኑን ለማየት ሐረርን መጎብኘት ይበቃል። የጁገል ከተማ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። በሐረሪ ቤት ዋና ክፍል ውስጥ ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች ከፍታቸው ተለያይቶ ተሠርተዋል፤ ሰውም እንደ ክብሩና እንደ ዕድሜው በየቦታው ይቀመጣል። አምስቱም ግን በአንድ ጣራ ሥር ያሉ የአንድ ክፍል ወለል ናቸው። እንደ ፎቅ የሚታየው በደረጃ የሚወጣበት ቀላ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በቀድሞው ልማድ ዕቃ ማስቀመጫ ነበር።