ስለ ፋመ ከሰል መርዝና ስለ ጠቋሚው መሣሪያ

በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋ ከተሞች ክረምት ሲገባ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት ማስገባት የተለመደ ነው። ጥንቁቅ የሆነ ሰው ምድጃውን በደጅ አቀጣጥሎ፥ ጢሱ አልቆ ከሰሉ እስኪፍም ድረስ ይጠብቃል፤ ከዚያም አደጋው ያለፈ መስሎት ወደ ውስጥ ያስገባዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ይህ ጥንቃቄ ከጢሱ እንጂ ከመርዙ የማያድን መሆኑን ነው።

ምክንያቱም ይህ ነው። በምድጃው ሥር አየር በደንብ ስለሚገባ ከሰሉ ነዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፤ ይኸው ጋዝ ከላይ ባለው የጋለ ፍም መካከል ሲያልፍ ግን ከኦክሲጅኑ ከፊሉን ለፍሙ ይለቅና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ በፍሙ ላይ የምትታየው ሰማያዊ ነበልባል ይህ ጋዝ ሲነድ ነው። እንግዲህ ከሰሉ ስለ ቀላ መርዙ አልቋል ማለት ስሕተት ነው። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋራ ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ በበረታ ኀይል ይያያዛል። የነቃ ሰው ራሱን ሲያመውና ሲያቅለሸልሸው ሊወጣ ይችል ይሆናል (ብዙ ጊዜ ግን በጉንፋን ያመካኛል)፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

በእንግሊዝ አገር የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ይህን ጋዝ ለማወቅ ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ ይዘው ይገቡ ነበር፤ በመሣሪያ እንድትተካ የተወሰነው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1986 ነው።

ዛሬ ለቤት የሚሸጡት መሣሪያዎች ሁለት ዓይነት ስለ ሆኑ መለየት ያስፈልጋል። የጢስ ጠቋሚ የሚያውቀው በአየር የተበተነውን ብናኝ ነው። ስለዚህ ቡና ሲቈላና ዕጣን ሲጤስ ይጮኻል፤ ለፋመ ከሰል ግን ዝም ይላል። ቦታውም ጢስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ጣራው ሥር ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ግን ጋዙ ሲነካው ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሕዋስ አለው። በአውሮፓ ደንብ መሠረት ከ1,000,000 የአየር እጅ 50ው ይህ ጋዝ ሲሆን ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ፥ 300 ሲደርስ በ3 ደቂቃ ውስጥ መጮኽ አለበት፤ መዘግየቱ ብልሽት አይደለም። የጋዙ ክብደት ከአየር ጋራ ተቀራራቢ ስለ ሆነ ወለል አጠገብ ይቀመጥ የሚለው ወሬ መሠረት የለውም፤ በመኝታ ክፍል፥ በተኛው ሰው ራስ ትክክል፥ ከመጋረጃና ከመስኮት ርቆ ይሰቀል። ሕዋሱ ስለሚያረጅ በጀርባው የተጻፈው ዘመን ሲያልፍ መሣሪያው ይለወጣል።

መሣሪያ አለን ብሎ ምድጃ ማስገባት ግን፥ በእኛ አስተያየት፥ ከቀድሞው የባሰ ድፍረት ነው። ከጮኸ በሩ ተከፍቶ ሰው ሁሉ ይውጣ፤ ራሱን ያዞረውም ሐኪም ቤት ይወሰድ። በተራ አየር የጋዙ ግማሽ ከደም ለመውጣት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በንጹሕ ኦክሲጅን ግን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል።