ከኩፍኝ በኋላ አንጎል ላይ የሚመጣው

የኩፍኝ ሽፍታ ከጆሮ ኋላ ጀምሮ ፊትን ያለብሳል፤ ከዚያ ወደ እግር ይወርዳል። «ወጣለት» ብላ የምትጽናና እናት አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናት። ከ1,000 ታማሚ በአንዱ ላይ ግን ሽፍታው ሊከስም ሲል ትኩሳቱ ያገረሻል። ልጁ ራሱን ያመዋል፣ ይፈዛል፣ እንቅልፍ ያበዛል፤ ቀጥሎ ያንቀጠቅጠዋል። አንጎሉ ተቆጥቷል።

ቫይረሱ ራሱ ብዙ ጊዜ አንጎል ውስጥ አይገኝም። ሊያጠፋው የተነሣው የሰውነት መከላከያ ወገንን ከጠላት መለየት ተስኖት የነርቮችን ሽፋን ያጠቃል። ሽፋኑ የተላጠ ነርቭ፣ ፕላስቲኩ እንደተገፈፈ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ መልእክት በወጉ አያደርስም። በዚህ የአንጎል ቁጣ ከተያዙት 10 ልጆች አንድ ያህሉ ይሞታል፤ ከተረፉትም ብዙዎች የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ ጉዳት ይቀራቸዋል። ሐኪም መንቀጥቀጡን ያስታግሳል እንጂ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም።

ሌላው ዓይነት ይብሳል። ልጁ ከኩፍኙ ድኖ፣ ሮጦ፣ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዓመት በኋላ የተማረውን ፊደል መርሳት ይጀምራል። ጠባዩ ይለወጣል፤ ሰውነቱ ደጋግሞ ድንገት ይነዝረዋል፤ ደብተር ከእጁ ይወድቃል። ቫይረሱ ተለውጦ አንጎል ውስጥ አድፍጦ ኖሯል። ሐኪሞች ኤስኤስፒኢ ይሉታል። ብርቅ ነው፤ ግን ከያዘ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ይበልጥ የሚያሰጋውም 2 ዓመት ሳይሞላቸው ኩፍኝ የያዛቸውን ነው።

ለዚህ ነው በደቡብ ወሎ፣ አምባሰል ውስጥ ያለችውን የውጫሌን ከተማ የማነሣው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና አምባሰልን ሲያዳርስ ጤና ተቋማት ተዘርፈው መደበኛው ክትባት ተቋርጦ ነበር። ያኔ የኩፍኝ ክትባት የሚጀመርበት 9 ወር የሞላቸው ሕፃናት ዛሬ አድገዋል፤ ክትባቱ አምልጧቸው ከቀረ ግን አሁንም ለኩፍኝ ተጋላጭ ናቸው።

የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ ውስጥ ያለ ደረቅ ዱቄት ነው፤ ከራሱ ፈሳሽ ጋር ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ልጆች ስለሚበቃ፣ አንዲት እናት ብቻ ስትመጣ «ሌሎች ሲሰበሰቡ ተመለሽ» የመባል አደጋ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግን ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት ይላል፤ እኔም ትክክል ነው እላለሁ። ከውጫሌ ዙሪያ ቀበሌዎች ሕፃን አዝላ ቁልቁለት የወረደች እናት በማግስቱ ላትመለስ ትችላለች።

የመጀመሪያው መርፌ በ9 ወር፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የተጨመረው ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል። ወሩ ያለፈበት ልጅም ይከተባል። ኩፍኝ የያዘው ደግሞ ጤና ጣቢያ ሄዶ ለ2 ተከታታይ ቀናት ቫይታሚን ኤ ይወስዳል፤ ከፈዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠው ሳያድር ሆስፒታል ይድረስ።