የሚታወቁ ቃላት፣ የማይታወቁ ፍቺዎች፦ የንግድ እንግሊዝኛን ስለ መማር

የንግድ እንግሊዝኛን የሚያጠና አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሰምቷቸው በማያውቃቸው ቃላት አይደለም። እንግዳ ቃል ሲገጥመው መዝገበ ቃላት ይገልጣል። የሚያዘናጉት ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃቸው፣ በንግድና በሒሳብ ሥራ ግን ሌላ ፍቺ የያዙ ቃላት ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ አሳሳቹ «ኳሊፋይድ» ሳይሆን አይቀርም። በሥራ ማስታወቂያ ላይ ቃሉ ብቁ፣ ለሥራው የሚመጥን ማለት ነው። ይኸው ተማሪ በኦዲተር ሪፖርት ላይ «ኳሊፋይድ ኦፒኒየን» የሚል ሐረግ ቢያነብ ድርጅቱ የተመሰገነ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሐረጉ የሚያመለክተው ኦዲተሩ የሒሳብ መግለጫዎቹን በጥቅሉ ቢቀበልም፣ ያልተስማማበትን ወይም በቂ ማስረጃ ያላገኘበትን ጉዳይ «ከዚህ በስተቀር» ብሎ መለየቱን ነው። ፍቺው የመጣው ግሡ መገደብ ማለትም በመሆኑ ነው። ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት በአንጻሩ ለረጅም ጊዜ «አንኳሊፋይድ» ሲባል ቆይቷል፤ ዓለም አቀፍ የኦዲት ደረጃዎች ዛሬ «አንሞዲፋይድ» ይሉታል። ብድር የጠየቀን ድርጅት የሚመዝን የባንክ ባለሙያ ሁለቱን ቢያምታታ፣ ማስጠንቀቂያውን እንደ ምስክርነት ቆጥሮ ገንዘብ እንዲለቀቅ ሊያደርግ ይችላል።

«ኢንተረስት»ም እንዲሁ ነው። በብድር ውል ወለድ፣ በኩባንያ ባለቤትነት ድርሻ፣ በሥነ ምግባር ደንብ ጥቅም፣ በዕለት ተዕለት ንግግር ደግሞ ፍላጎት ይሆናል። «ወለድ» ገንዘብ ገንዘብን ሲወልድ የሚያሳይ ግሩም ቃል ነው፤ «ኮንትሮሊንግ ኢንተረስት» ላይ ግን የሚወለድ ነገር የለም፤ ኩባንያን ለመቆጣጠር የሚያበቃ ድርሻ ነው። «አውትስታንዲንግ ኢንቮይስ» ደግሞ ገና ያልተከፈለ ሒሳብ እንጂ እጅግ የተዋጣ ሰነድ አይደለም።

ችግሩ ከአማርኛም ወገን ይነሣል። «ኪሳራ» የምንለው በእንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፦ ወጪ ከገቢ ሲበልጥ «ሎስ»፣ ባለዕዳው መክፈል ተስኖት ጉዳዩ በሕግ ሲታይ «ባንክራፕሲ»። በአንድ ዓመት የከሰረን ነገር ግን ዕዳውን በወቅቱ የሚከፍልን ነጋዴ «ባንክራፕት» ብሎ መጻፍ ስሙን ማጥፋት ነው። «አክሲዮን» ግን ከዚህ ውዥንብር የዳነ ቃል ነው። ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ነው፤ የ1952ቱ የንግድ ሕግም የተረቀቀው በዚያው ቋንቋ ነበር። በአማርኛ ሌላ ሥራ ስለሌለው፣ ማካፈልም ድርሻም ከሚሆነው «ሼር» ይልቅ ጥርት ያለ ነው።

እንግዲህ አንድን የእንግሊዝኛ ቃል ከአንድ የአማርኛ አቻ ጋር የሚያጣምር የቃላት ዝርዝር ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም። ቃሉ ከጎረቤቱ ጋር ቢጠና ይሻላል፤ «ኢንተረስት» ብቻውን ሳይሆን ከ«ሬት»፣ ከ«ኮንትሮሊንግ»፣ ከ«ኮንፍሊክት» ጋር። ለዚህ የሚሆን ጽሑፍ ሩቅ አይደለም። ዓመታዊ ሪፖርታቸውን በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚያሳትሙ የኢትዮጵያ ባንኮች አሉ። ተማሪው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል የት የት ላይ በተለያየ አማርኛ እንደ ተተረጎመ ቢያሰምርበት፣ የሚያስፈልገውን ዝርዝር ራሱ ያዘጋጃል።