«ኔትወርክ የለም» ከማለታችን በፊት

የቆመ ኢንተርኔት አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ የጠፋ ኢሜይል ግን ላይመለስ ይችላል

ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። አቃቂ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ቤት እናስብ። ቀን መብራት ጠፍቶ ስለዋለ እናት ምጣዱን የጣዱት አሁን ነው። አባት ሳሎን ተቀምጠው በዩቲዩብ ዜና ያያሉ። ትንሹ ልጅ ስልኩ ላይ ጌም ይጫወታል። ትልቋ ልጅ መኝታ ቤት ላፕቶፗን ከፍታ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል የምታስገባውን ማመልከቻ ትጨርሳለች። የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው። «ላክ» የሚለውን ስትጫን ገጹ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ይቆማል።

«አባዬ፣ ሄደ እኮ!»

አባት ተነስተው ራውተሩን ነቅለው መልሰው ይሰኩታል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መስመሩ ይመለሳል። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ማመልከቻውን ለማረጋገጥ ኢሜይሏን ስትከፍት ጎግል ማንነቷን ይጠይቃታል፤ ኮድም በስልክ መላኩን ይነግራታል። ኮዱ የሄደበት ቁጥር ግን ስልክ ስትቀይር የተወችው፣ ከዚያ ወዲህ ካርድ ሞልታበት የማታውቀው ሲም ነው።

በዚህ ቤት በአንድ ምሽት ሁለት ችግር ተከሰተ። የመጀመሪያው ሁላችንም የምናማርርበት ነው፤ ግን ይፈታል። ሁለተኛውን እስኪደርስብን ድረስ አናስበውም፤ ሲደርስ ግን የዓመታት ደብዳቤ፣ ፎቶና ሰነድ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ሁለቱንም በቅደም ተከተል እንያቸው።

ችግሩ የት ነው?

ራውተሩን ከመንቀልዎ በፊት ሁለት ነገር ይሞክሩ። መጀመሪያ በሌላ ስልክ በዚያው ዋይፋይ አንድ ገጽ ይክፈቱ። ከሠራ ችግሩ ያለው አልሠራም ባለው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ነው፤ አጥፍቶ ማብራት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልሠራ ደግሞ ዋይፋዩን አጥፍተው በሞባይል ዳታ ያንኑ ገጽ ይሞክሩ። በዳታ ከተከፈተ ችግሩ ራውተሩ ወይም ወደ ቤት የሚገባው መስመር ነው። በዳታም ካልተከፈተና ሌሎች ገጾች የሚከፈቱ ከሆነ የተበላሸው ያ ድረ ገጽ ነው፤ ከመጠበቅ ሌላ አማራጭ የለም።

ይህ የሁለት ደቂቃ ሙከራ ያለጥፋቱ የሚነቀለውን ራውተር ያድነዋል። ራውተሩን ማስነሳት ካስፈለገም ነቅለው ወዲያው አይሰኩት። ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ ከዚያ ሰክተው መብራቶቹ እስኪረጋጉ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይታገሱ። ከኋላ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ግን በመርፌ አይንኩ። እሷ ራውተሩን ከፋብሪካ እንደወጣ የምታደርግ ናት፤ ባለሙያው ያስገባውን የመስመር ስምና የይለፍ ቃል ታጠፋለች።

መብራቱና ምጣዱ

የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ አባ ሳሙኤል የተሠራው እዚሁ በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው። ይሁንና የአቃቂ ሰው እንደሌላው አዲስ አበቤ ሻማና ቻርጅ የሚደረግ መብራት ከቤቱ አያጣም።

የድሮው የቤት ስልክ መብራት ሲጠፋም ይሠራ እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የመዳብ ሽቦው ስልኩ የሚፈልገውን ትንሽ ኤሌክትሪክ ከስልክ ጣቢያው ይዞ ይመጣ ነበር። አሁን ብዙ ቤት የገባው ፋይበር ግን ቀጭን መስታወት ነው፤ የሚያመጣው ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አይደለም። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ያለችው ሳጥን መብራት ሲጠፋ አብራ ትጠፋለች፤ መስመሩ ደህና ቢሆንም እንኳ። ለራውተር ተብላ የምትሸጥ ትንሽ የባትሪ መጠባበቂያ ይህን ትፈታለች። ከመግዛትዎ በፊት ራውተሩ ምን ያህል ቮልት እንደሚፈልግ ከቻርጀሩ ላይ ያንብቡ፤ ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው። ቮልቱ ፍጹም አንድ መሆን አለበት፤ አምፔሩ ደግሞ ማነስ የለበትም።

ምጣድስ ከኢንተርኔት ጋር ምን አገናኘው? የኤሌክትሪክ ምጣድ ከቤት ዕቃ ሁሉ ብዙ ኃይል ከሚስቡት አንዱ ነው። ሲበራ የሳሎኑ አምፖል ደብዘዝ ካለ ቮልቱ ወርዷል ማለት ነው። ራውተሩ ከምጣዱ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ ከተሰካ ወይም ቻርጀሩ ካረጀ በዚያች ቅጽበት ጠፍቶ ሊነሳ ይችላል። ኢንተርኔቱ ሁልጊዜ እንጀራ ሲጋገር የሚቆራረጥ ከሆነ ሌላ ምክንያት ከመፈለግዎ በፊት ራውተሩን ወደ ሌላ ሶኬት ያዙሩት።

ግድግዳውና ቆርቆሮው

ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። በእንጨት በር በቀላሉ ያልፋል፤ በብሎኬት ይዳከማል፤ ብረት ባለበት ኮንክሪት ይበልጥ ይዳከማል፤ ከቆርቆሮ ግን ነጥሮ ይመለሳል። ነባሩ አቃቂ ውስጥ ዋናው ቤት ፊት፣ ሰርቪስ ቤቱ ጓሮ የሆነበት ግቢ ብዙ ነው። ሰርቪሱ በቆርቆሮ የተሠራ ከሆነ እዚያ የምታጠናው ልጅ «ዋይፋይ አይመጣም» ብትል እውነቷን ነው።

ራውተሩን ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ከቡፌ ውስጥና ከመሬት ያንሱት። ቤቱ መሐል አካባቢ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ባለ ቦታ ሲሆን በደንብ ያዳርሳል። አዳዲስ ራውተሮች ሁለት ስም ያወጣሉ፤ 5 ጊጋኸርትዝ የሚለው በቅርብ ፈጣን ነው፣ 2.4 የሚለው ደግሞ ዝግ ቢልም ግድግዳ አልፎ ራቅ ይላል። ራውተሩ አጠገብ ያለ ቴሌቪዥን የመጀመሪያውን፣ የጓሮው ክፍል ሁለተኛውን ይጠቀም። ማይክሮዌቭ ሲሠራ የሚያስቸግረው 2.4ን ነው። በኮንዶሚኒየም ደግሞ የይለፍ ቃሉ ከጎረቤት ልጆች ወደ ጎረቤት ልጆች ሲሻገር እርስዎ የከፈሉበት ፍጥነት ለፎቁ ሁሉ ይካፈላል። አልፎ አልፎ ይቀይሩት።

መስመሩ ሲበጠስ

የፋይበር ሳጥን ላይ ያሉት ትናንሽ መብራቶች ብዙ ይናገራሉ። ቀይ መብራት በርቶ ከቀረ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑ ከውጭ አልደረሰም ማለት ነው። ቀጭኑ ገመድ በሶፋ ተጨፍልቆ ወይም በጣም ታጥፎ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ነቅለው ግን ጫፉን በዓይንዎ አይዩ። የመዳብ መስመር ከሆነ ደግሞ የቤቱን ስልክ አንስተው ያዳምጡ። የሚንሿሿ ድምፅ ካለ ሽቦው ታሟል፤ በክረምት ብዙ ጊዜ ጥፋቱ መጋጠሚያው ውስጥ የገባ ውሃ ነው። ሰፈሩ መንገድ እየተቆፈረበት ከሆነም ጎረቤት ይጠይቁ። የሁሉም ከጠፋ የእርስዎ ራውተር ምንም አልሆነም።

ከመደወልዎ በፊት ክፍያው መጠናቀቁን ያረጋግጡ። ከዚያ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ 994፣ የሳፋሪኮም ከሆኑ 700 ይደውሉ። የአገልግሎት ቁጥርዎን፣ የትኛው መብራት ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው፣ ችግሩ ከስንት ሰዓት እንደጀመረና ምን እንደሞከሩ ይንገሩ። የማመልከቻ ቁጥር ከሰጡዎት ይጻፉት፤ ደግመው ሲደውሉ ያስፈልግዎታል።

ሰዓቱ ስንት ነው?

ይህ ችግር የእኛው አገር ነው። ኢንተርኔቱ ይሠራል፤ ኢሜይሉና ባንኩ ግን «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይላሉ። ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ቀን ላይ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ካስገባው ኮምፒውተሩ ከዓለም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ይቀራል፤ የድረ ገጾቹ የደኅንነት ማረጋገጫ ደግሞ «ገና ያልወጣ» ይመስለዋል። ሰዓቱን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ብሎ በእኛ አቆጣጠር መሙላትም እንዲሁ የስድስት ሰዓት ልዩነት ያመጣል፤ በስልክ መተግበሪያ የሚወጡ የማረጋገጫ ኮዶችም አልቀበል ይላሉ።

መፍትሔው ቀንና ሰዓቱን «በራሱ ይሙላ» በሚለው ላይ ማድረግ ነው። ዊንዶውስ ላይ አዲስ አበባን ካጡ ናይሮቢን ይምረጡ፤ ሰዓታችን አንድ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ በጠፋ ቁጥር ቀኑን የሚረሳ ከሆነ ውስጡ ያለችው የሰዓት ባትሪ አልቃለች፤ ጠጋኝ ይቀይርልዎታል።

የማይመለሰው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ብዙዎቻችን የመጀመሪያ ኢሜይላችንን የከፈትነው ራሳችን አይደለንም። የኢንተርኔት ቤት ልጅ፣ የአጎት ልጅ ወይም የሥራ ባልደረባ ከፍቶልናል፤ አንዳንዴም በራሱ ስልክ ቁጥር። በዚያ አድራሻ ግን የልጆች ትምህርት ቤት፣ የባንክ መልእክት፣ የፓስፖርት ቀጠሮ፣ የውጭ ዘመድ ደብዳቤና የቤተሰቡ ፎቶ ሁሉ ይመጣል። የሌላ አገልግሎት የይለፍ ቃል ስንረሳም መቀየሪያው የሚላከው ወደዚያው ነው። ኢሜይሉ የቤቱ ሁሉ ቁልፍ የተሰቀለበት ሚስማር ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ሚስማር የሚነቀለው ብዙ ጊዜ በስልክ ቁጥር ምክንያት ነው። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ሲም ይዘጋል፤ ቁጥሩም ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ያኔ ኮድዎ የሚደርሰው ለማያውቁት ሰው ነው። ወደ ውጭ የሚሄዱ ደግሞ ሲማቸውን ለታናሽ ወንድም ትተው ይሄዳሉ፤ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ደርሰው አዲስ ስልክ ሲከፍቱ ኮዱ አቃቂ ይቀራል። ከቦሌ ጉዞ በፊት መዘጋጀት ካለባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ዝም ማለትም አድራሻ ያስዘጋል። ጎግል ለሁለት ዓመት ያልተከፈተ የግል አካውንት ሊያጠፋ እንደሚችል በ2015 ዓ.ም. አስታውቋል፤ ያሁ ደግሞ የሚታገሰው 12 ወር ነው። ልጆችዎ ሕፃን ሳሉ ፎቶ ያስቀመጡበት አሮጌ አድራሻ ካለ ዛሬውኑ ይግቡበት።

«ኢሜይል አይደርሰኝም» ለሚሉም ሦስት ነገር እንጠቁም። መጀመሪያ የአይፈለጌ መልእክት ማኅደሩን ይዩ። ቀጥሎ ቦታው ሞልቶ እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ጎግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለኢሜይል፣ ለፎቶና ለሰነድ በጋራ ነው፤ ቪዲዮ ከሞላው ደብዳቤ መቀበል ያቆማል። ሦስተኛ፣ የማይሄድልዎት መልእክት አባሪው ከ25 ሜጋባይት በልጦ ይሆናል፤ በጎግል ድራይቭ አስቀምጠው ማገናኛውን ይላኩ።

«አካውንትዎ ሊዘጋ ነውና የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ» ለሚል መልእክት ግን መልስ አይስጡ። ኮድ ደውሎ የሚጠይቅም ሰው፣ ማንም ነኝ ቢል፣ ሌባ ነው ብለው ይነሱ።

እሁድ፣ ከቡና በኋላ

ያሰብነው ቤት ምሽቱ እንዴት አለቀ? ልጅቷ ስንጥቅጥቅ ያለውን አሮጌ ስልኳን ከቡፌው መሳቢያ አውጥታ ቻርጅ ሰካችው። ሲሙ ባይሠራም ኢሜይሏ ከዚያ ስልክ አልወጣም ነበር። ከዋይፋዩ ስታገናኘው «ልትገቢ የሞከርሽው አንቺ ነሽ?» የሚል ጥያቄ ብቅ አለ፤ «አዎ» አለች። አካውንት ማስመለስ የሚቀለው ቀድሞ በገቡበት ስልክ ወይም ኮምፒውተር፣ ከለመዱት ቦታ ሲሆን ነው። ጊዜም ነበራት፤ የማመልከቻው ማብቂያ በግሪንዊች ሰዓት 23:59 ነበር፤ ይህም በእኛ ከሌሊቱ 8:59 ነው።

ሁሉም ቤት ግን መሳቢያ ውስጥ ስልክ አይገኝም። ስለዚህ መጪው እሁድ ከቡና በኋላ ሃያ ደቂቃ ይውሰዱ። እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ኢሜይሉ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር አሁን የያዘው መሆኑን ይይ። ሁለተኛ የመመለሻ አድራሻ፣ ለምሳሌ የባል ለሚስት፣ የእናት ለልጅ፣ ይጨመር። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይከፈትና ጎግል የሚሰጣቸው አሥር የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት ይጻፉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራሉ። ወረቀቱም የልደት ሰርተፍኬትና የቤት ካርታ ከሚቀመጥበት ፌስታል ጋር ይቀመጥ። በመጨረሻ የአባትና የእናት አድራሻ በማን ቁጥር እንደተከፈተ ይጠየቅ። የጎረቤት ልጅ ከሆነ፣ አመስግነው ወደ ራሳቸው ያዙሩት።

መብራት ይመጣል፤ መስመሩም ይጠገናል። ያቺ ወረቀት ግን አስቀድማ ካልተጻፈች በቸገረ ሰዓት አትገኝም።