የአያት አበባ ከዘሩ ይጀምራል

የከተማችን ስም አበባ ነው። እቴጌ ጣይቱ ስሙን ሲያወጡላት ፒያሳ የሚባል ሰፈር ገና አልነበረም። ዛሬ በአራዳና በፒያሳ ነባር ቤቶች «ግቢ» ሲባል ብዙ ጊዜ ሰፊ የአትክልት ቦታ ማለት አይደለም። ለብዙ አባወራ የሚያገለግል አንድ ቧንቧ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ከግንቡ ሥር ደግሞ በጣሳ የተተከለ ጤና አዳምና ጥቂት አበባ ነው። በዚያች ስንዝር መሬት ላይ ግን አያትና የልጅ ልጅ አብረው አበባን ከዘሩ ማሳደግ ይችላሉ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ቀዝቀዝ ቢልም ፀሐይዋ ትፋጃለች። በተለይ ከየካቲት እስከ ግንቦት የቆርቆሮው አጥርና የድንጋዩ ግንብ ሙቀቱን ወደ ግቢው ይመልሱታል። ሙቀቱ ራሱ ለዘሩ ጠላት አይደለም፤ እንዲያውም ቶሎ ያበቅለዋል። ዘር የሚገድለው ድርቀት ነው። መብቀል የጀመረ ዘር አንድ ቀትር አፈሩ ከደረቀበት ተመልሶ አይነሣም።

ምን እንዝራ? እንዴት?

ለጀማሪ ዚኒያ፣ ማሪጎልድና ኮስሞስ ይመቻሉ። የሦስቱም መነሻ ሜክሲኮ ስለሆነ ፀሐይ አይፈሩም፤ ዘራቸውም የሕፃን ጣት ሊይዘው የሚችል ነው።

አፈሩን በደንብ ከደቀቀ ፍግና ከጥቂት አሸዋ ጋር ቀላቅሉ። ቦታ ከሌለ ባዶ የዘይት ጀሪካን ለሁለት ቆርጣችሁ ታችውን ብሱት፤ ቀዳዳ ከሌለው ውኃው ተጠራቅሞ ሥሩን ያበሰብሳል። ዘሩን ከግማሽ ሳንቲሜትር ብዙ ሳታርቁ ቅበሩት። ከላይ ጭድ ወይም የደረቀ ሣር በስሱ አልብሱት፤ ቀትር ላይ በአሮጌ ጆንያ አጥሉለት።

ውኃ በማለዳና አመሻሽ ላይ ይሰጥ። ከባልዲ በቀጥታ ከፈሰሰ ዘሩን ጠርጎ ይወስደዋል፤ ክዳኑ በሚስማር የተበሳ ሃይላንድ ምርጥ ማጠጫ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አትክልት ወይም እህል የታጠበበት ውኃ ይበቃል፤ ሳሙና የነካው ግን አይሁን።

ከአምስት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ብቅ ይላል። ያኔ ጭዱን ገለጥ፣ ጥላውንም ቀስ በቀስ ቀነስ አድርጉ። ቡቃያው አራት ቅጠል ሲያወጣ ደካማውን ነቅሎ ጠንካራውን ማስቀረት ያስፈልጋል። ልጆች ይህን አይወዱም፤ «ለምን ይነቀላል?» ይላሉ። ተጨናንቆ ያደገ ሁሉ ቀጭኖ እንደሚቀር በዓይናቸው እንዲያዩት አንዱን ጣሳ ሳትነኩ ተዉላቸው። ሁለት ወር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ሲሆነው ያብባል። በመጋቢት መጀመሪያ የተዘራ ለግንቦት ይደርሳል ማለት ነው።

አደይ ግን በራሷ ጊዜ ነው

አደይ አበባ የአገራችን የደጋ አበባ ናት፤ በክረምቱ ዝናብ በቅላ በመስከረም ታብባለች። በበጋ ሙቀት ማስገደድ ድካም ነው። መስከረም አልፎ አበባዋ ሲረግፍ የደረቀውን ራስ ለቅማችሁ አስቀምጡ፤ ዝናቡ ሊገባ ሲል በግቢው ጥግ በትኑት። በእንቁጣጣሽ ማለዳ ልጆቹ የሚያበረክቱት አበባ ራሳቸው የዘሩት ከሆነ ስጦታው ሌላ ይሆናል።

ዘር በመሐረብ ጫፍ

የዘር ጥቅሙ በዚህ አያበቃም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ ነባር መንደሮች ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰብ ወደ ሌላው የከተማዋ ክፍል ሄዷል። የጋራ ግቢው አብሮ አልሄደም፤ ቡና ይጠራራ የነበረው ጎረቤትም ተበታትኗል። ትልልቅ ሰዎችን ከሁሉም በላይ የሚከብዳቸው ይህ ነው፤ ጧት ወጥተው የሚያዩት፣ የሚኮተኩቱት ነገር ያጣሉ።

ሥር የሰደደ አበባ ተነቅሎ ብዙም አይርቅም። ዘሩ ግን በመሐረብ ጫፍ ተቋጥሮ የትም ይደርሳል። ስለዚህ ካበቡት መካከል የተሻለውን ሁለት ሦስት ራስ ሳትቆርጡ እዚያው እንዲደርቅ ተዉት። ቡናማ ሲሆን ለቅማችሁ ለሳምንት በጥላ አድርቁት። ከዚያ በወረቀት ጠቅልላችሁ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። በላስቲክ ከታሰረ ይሻግታል። የአበባውን ስምና የተለቀመበትን ወር ልጁ በራሱ እጅ ይጻፍበት።

ኮንዶሚኒየም የገባችሁም በረንዳ አላችሁ። ግማሽ ቀን ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጡ፤ ነፋስ እንዳይጥለው እቃውን ከብረቱ ጋር እሰሩት፤ ውኃው ታች ያለውን ጎረቤት እንዳያስቀይም ከሥሩ ሳህን አድርጉ።

የድሮ ጎረቤቶች ዛሬ የሚገናኙት በሠርግና በለቅሶ ሆኗል። በሚቀጥለው ስትገናኙ አንድ ጥቅል ዘር ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ግቢ የነበረው አበባ በአምስት በረንዳ ሲያብብ፣ ልጆቹ ቢያንስ «ይሄ የማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ያን ጊዜ ስለዚያ ግቢና ስለ ጎረቤቶቹ የምትነግሯቸው አይጠፋም።