ብርሃን የጻፈው
ክፍል ሁለት፦ መንታው

ባለፈው ሳምንት ዴኒስ ጋቦርን የተለየነው በእንግሊዟ ራግቢ ከተማ፣ ከቴኒስ ሜዳ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ ነበር። ጊዜው እ.ኤ.አ. በ1947 የትንሣኤ በዓል ነው። (በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚመጡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ከበርሊን የወጣው ይህ የቡዳፔስት ልጅ፣ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አተምን ሊያሳይ ተቃርቦ ሳለ ሌንሱ ለምን እንደሚያደበዝዝበት ሲያወጣ ሲያወርድ፣ መልሱ ድንገት መጣለት። ምስሉ ተበላሽቶም ቢሆን ይነሳ፤ ብቻ ሞገዱ አንዳች ሳይጎድልበት ይመዝገብ። ብልሽቱን በኋላ በብርሃን ማረም ይቻላል።

ሐሳቡ መጣ። ሐሳቡን የሚሸከም ብርሃን ግን በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ አልነበረም።

ለምን እንዳልነበረ ለመረዳት የእናታችሁን ፎቶግራፍ ከግድግዳ ላይ አውርዱና ያዙት። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ከፊታቸው ተነስቶ ካሜራው ዘንድ የደረሰው ብርሃን ምን ያህል እንደነበር ነው። ሞገዱ ከየት አቅጣጫ እንደመጣና ሲደርስ ጫፉ ላይ ይሁን ሸለቆው ላይ ግን አልተጻፈም። ፎቶውን የቱንም ያህል ብታዘነብሉት ከጆሯቸው ኋላ ያለውን ሹሩባ የማታዩት ለዚህ ነው። ካሜራው ብርሃኑ ከነገረው ግማሹን ይዞ ግማሹን ጥሎታል። ይህን ታሪክ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ያ የተጣለው ግማሽ ነው። የሰው ፊት ብርሃኑን ሙሉ አድርጎ ይልካል፤ እኛ ግን መቶ ዓመት ሙሉ ግማሹን ብቻ ስንቀበል ኖረናል።

ጋቦር ያሰበው ሁለት ብርሃን እንዲገናኙ ነው። አንዱ ዕቃውን ነክቶ የመጣ፣ ሌላው ምንም ሳይነካ ንጹሑን የደረሰ። ሁለተኛው ማመሳከሪያ ጨረር ይባላል። የፎቶ ብርጭቆው ላይ ሲገናኙ ጫፍ ከጫፍ የተገጣጠመበት ይደምቃል፣ ጫፍ ከሸለቆ የተገናኘበት ይጨልማል፤ ብርጭቆውም በዓይን የማይለይ የመስመር ጥልፍ ይጻፍበታል። በኋላ ዕቃው ተነስቶ ንጹሑ ጨረር ብቻውን በዚያ ጥልፍ ላይ ሲበራ፣ ከዕቃው ተነስቶ የነበረው ሞገድ እንደገና ይነሳል። ዓይን ከመጀመሪያው ለይቶ አያውቀውም። ጋቦር የግሪክኛውን «ሙሉ» እና «ጽሕፈት» አጋጥሞ ስም አወጣለት፤ ሆሎግራም።

ይህ የሚሆነው ግን ሁለቱ ብርሃኖች እርምጃቸው አንድ ከሆነ ነው። የተራ አምፖል ብርሃን እንደ መርካቶ ሰው ነው፤ ሁሉም በየፊናው ይሮጣል፣ አንዱ ሲያነሳ ሌላው ይጥላል። የሚያስፈልገው ብርሃን ደግሞ እንደ ወረብ ነው፤ ደብተራዎቹ ጸናጽላቸውን አንድ ላይ ሲያነሱ፣ አንድ ላይ ዝቅ ሲያደርጉ፣ ከፊተኛው እስከ ኋለኛው ረድፍ አንዲት እርምጃ ሳትዛነፍ።

ጋቦርና ረዳቱ አይቨር ዊሊያምስ በእጃቸው ያገኙት የሜርኩሪ መብራት ነበር። ከእሱ አንዱን ቀለም ብቻ ለዩና 3 ማይክሮን በሆነች ቀዳዳ አሾለኩት፤ ከሰው ፀጉር ውፍረት ሃያ ጊዜ ያህል የምታንስ ቀዳዳ ናት። እንዲህም ተደርጎ ወረቡ የሚዘልቀው ለአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ብቻ ነበር። ከዚያ ካለፈ እርምጃው ይፈርሳል። በቀዳዳዋ ሾልኮ የተረፈው ብርሃን ከማነሱ የተነሳ፣ በጊዜው ከነበሩት ሁሉ ፈጣን የሆነው የፎቶ ብርጭቆ ቅብ እንኳ አንዲት ምስል ለመቀበል ደቂቃዎች ይፈጅበት ነበር። የሚነሳው ዕቃ ስፋቱ አንድ ሚሊሜትር፣ የሚገኘው ሆሎግራም አንድ ሳንቲሜትር ያህል ነው።

ለሙከራው የመረጠው ዕቃ ልቤን ይነካዋል። በዚያች የሚሊሜትር ስፋት ላይ የሦስት ሰዎች ስም ተጽፏል፤ ሁይገንስ፣ ያንግ፣ ፍሬኔል። ብርሃን ሞገድ ነው ብለው የቆሙት ሦስቱ ናቸው። ጋቦር አዲሱን ጽሕፈት ሲጀምር መጀመሪያ የጻፈው የአባቶቹን ስም ነው።

ብርጭቆው ታጥቦ ሲታይ ፊደል የለበትም። ያልታወቀ ሽክርክሪት፣ ግራጫ ጭጋግ ብቻ። ያው ብርሃን እንደገና ሲበራበት ግን ከጭጋጉ ውስጥ ፊደሎቹ ወጡ። ሁይገንስ። ያንግ። ፍሬኔል። ሥራው በግንቦት 1948 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ታተመ።

ነገር ግን ፊደሎቹ ብቻቸውን አልመጡም።

ከሆሎግራሙ ሁልጊዜ ሁለት ምስል ይወለዳል። አንዱ ከብርጭቆው ኋላ፣ ዕቃው በነበረበት ቦታ ይቆማል፤ ሌላው መንታው ሆኖ ከብርጭቆው ፊት ይቆማል። በጋቦር አሠራር መብራቱ፣ ዕቃውና ብርጭቆው በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ስለሆኑ ሁለቱ መንትዮችም በዚያው መስመር ላይ ይደረደራሉ። አንዱን ልይ ስትል የሌላው የደበዘዘ ጥላ ይደረብበታል። ዓይንህን ወደ መንታው ብታዞር የመጀመሪያው ጥላ ይሆንብሃል። ጋቦር ብዙ ታገለው። መንታው አልለቀቀም።

በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑም በኩል ነገሩ አልሠመረም። እንግሊዝ ውስጥ ያሉ ባልደረቦቹ ለዓመታት ሞከሩት፤ የመሣሪያው ንዝረትና ከየአቅጣጫው የሚገባው መግነጢሳዊ መረበሽ ጥልፉን ገና ሳይጻፍ ያጠፋው ነበር። 1955 አካባቢ ሲደርስ አብዛኛው ሰው እጁን አነሳ። ጋቦር ራሱም ለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ገብቶ በሌላ ሥራ ተያዘ። ሙሉው ጽሕፈት አንባቢ አጥቶ ተቀመጠ።

*

አሁን ወደ ሶቪየቷ ሌኒንግራድ እንሂድ።

በቫቪሎቭ የኦፕቲክስ ተቋም የሚሠራ ዩሪ ዴኒስዩክ የሚባል ወጣት አለ። የሳይንስ ልብ ወለድ ይወዳል፤ በተለይ የኢቫን የፍሬሞቭን። የፍሬሞቭ ራሱ የቅሪተ አካል ተመራማሪ ነበርና «የከዋክብት መርከቦች» በሚለው ታሪኩ ውስጥ ሳይንቲስቶች ከዳይኖሰር አጥንት ጋር የባዕድ ፍጡር ቅሪት ያገኛሉ። አብሮም ለስላሳ ሰሌዳ ይገኛል። አቧራው ሲጠረግ ከሰሌዳው ውስጥ ፊት ይታያል፤ ሥዕል አይደለም፣ ጥልቀት ያለው፣ ሕያው ዓይን ያለው ፊት ነው፤ ከሚሊዮን ዓመታት ማዶ የሚመለከት።

ሌላው አንባቢ ተገርሞ መጽሐፉን ይዘጋል። ዴኒስዩክ ግን ሰሌዳው ይሠራ ዘንድ ይቻላልን ብሎ ጠየቀ።

የጋቦርን ሥራ አያውቅም። የሚያውቀው የፈረንሳዊውን የጋብሪኤል ሊፕማንን ነው። ሊፕማን በ1891 ያለ ምንም ማቅለሚያ ባለ ቀለም ፎቶ ያነሳ፣ ለዚህም በ1908 የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ሰው ነው። ከፎቶ ቅቡ ኋላ የሜርኩሪ መስተዋት ያደርግና፣ የሚገባው ብርሃን ከሚመለሰው ጋር በቅቡ ውፍረት ውስጥ ተገናኝቶ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ ንጣፎችን ይሠራል። ዴኒስዩክ ከ1958 ጀምሮ ያደረገው አንዲት ለውጥ ናት፤ መስተዋቱን አውጥቶ በቦታው ዕቃውን ራሱን አስቀመጠ። ብርሃኑ በብርጭቆው ውስጥ ያልፋል፣ ዕቃውን ይነካል፣ ይመለሳል፣ ከመጪው ጋር እዚያው ቅቡ ውስጥ ይገናኛል።

የእሱም መብራት ሜርኩሪ ነበር፤ ወረቡ አጭር ነው። ስለዚህ ዕቃው ከብርጭቆው ጋር ሊነካካ ምንም ያልቀረው መሆን ነበረበት። ቅቡንም ራሱ ማዘጋጀት ነበረበት፤ የንጣፎቹ ርቀት ከሚሊሜትር ሺህኛ እጅ ያነሰ ነውና የገበያው ቅብ ቅንጣቱ ይሻክርበታል። ዕቃ አድርጎ የመረጠው ጎበጥ ያለ ትንሽ መስተዋት ነው።

እስቲ ያገኘውን በቅርብ እንየው። በእጁ የያዘው ጠፍጣፋ ብርጭቆ ነው። ብርሃን ሲያበራበት ግን ጠፍጣፋነቱን ረስቶ እንደ ጎባጣ መስተዋት ብርሃኑን ይመልሳል። መስተዋቱ ተነስቷል፣ ሥራው ግን ብርጭቆው ውስጥ ቀርቷል። ደግሞም፣ ይህን ልብ በሉልኝ፣ የተለየ መብራት አይፈልግም። ንጣፎቹ ከነጭ ብርሃን ውስጥ የሚስማማቸውን ቀለም ራሳቸው መርጠው ይመልሳሉ። ፀሐይ ይበቃዋል።

በ1962 ጽሑፉ ታተመ። ብዙዎቹ የሙያ ጓዶቹ በጥርጣሬ ተቀበሉት። በልብ ወለድ ሕልም የጀመረ ሥራ ማን ያምናል?

*

በዚያው 1962 በአሜሪካ ሚሺጋን ሌላ ጽሑፍ ታተመ።

ዊሎው ረን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፎርድ ቢ-24 ቦምብ ጣዮችን ይሠራበት የነበረ ስፍራ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ እዚያ ገባ። ሥራው ምስጢር ነበር፤ ከአውሮፕላን ወደ ጎን የሚመለከት ራዳር። ኤሜት ሊዝ የራዳሩን ሞገድ በፊልም ላይ እየጻፈ፣ ፊልሙን በብርሃን እያበራ፣ የምድሩን መልክ ሲያወጣ ቆይቶ፣ እሱ የሚሠራው ጋቦር የሠራው መሆኑን በኋላ ደረሰበት። መንታውም እሱ ዘንድ አለ። ግን ሊዝ የራዳር ሰው ነው፤ መንታውን ያየው በሬዲዮ ጆሮ ነበር።

ማታ ሬዲዮ ስትከፍቱ ሁለት ጣቢያ ተደርቦ ዜናና ዘፈን ሲቀላቀል ምን ታደርጋላችሁ? መርፌዋን ትንሽ ገፋ። ሊዝና ሪጋ ተወልዶ በጦርነቱ ከቤተሰቡ ጋር የተሰደደው ባልደረባው ዩሪስ ኡፓትኒየክስ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ማመሳከሪያውን ጨረር ከመስመሩ አውጥተው በጎን በኩል፣ አዘንብለው አስገቡት። ሁለቱ መንትዮች ተለያይተው አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ ሄዱ። አሥራ አራት ዓመት ያልለቀቀ ጥላ በአንዲት ዝንባሌ ተነሳ። ይህን ያደረጉት በዚያው በሜርኩሪ መብራት መሆኑን እዚህ ላይ ልመስክርላቸው፤ ብዙ ሰው ሁሉን ነገር ለሌዘር ይሰጣልና።

ሌዘሩ ግን ደረሰ። በ1960 ተወልዶ፣ በ1962 ያለማቋረጥ የሚበራው ቀዩ የሂሊየምና ኒዮን ሌዘር ሲመጣ፣ የወረቡ ርዝመት ከአሥረኛ ሚሊሜትር ወደ ሳንቲሜትሮች ዘለለ። አሁን ዕቃው ጠፍጣፋ መሆን አያስፈልገውም። ፊትና ኋላ፣ ከፍና ዝቅ ያለው ዕቃ ይቻላል። ብቻ እንዳይነቃነቅ! ብርጭቆው ሲጻፍበት ዕቃው የሞገዱን ሩብ ያህል፣ ማለትም ከሚሊሜትር ስድስት ሺህኛ እጅ ያህል እንኳ ቢንቀሳቀስ ጥልፉ ይደመሰሳል። የሚተነፍስ ነገር አይሆንም። እነሱም ባቆሙበት የሚቆም ነገር መረጡ፤ የልጅ መጫወቻ ባቡር።

ሚያዝያ 1964፣ ዋሽንግተን። የአሜሪካ ኦፕቲክስ ማኅበር ጉባኤ። ኡፓትኒየክስ ጽሑፉን አንብቦ ሲጨርስ ሆሎግራሙን ማየት የሚፈልግ እዚያው ሆቴል ውስጥ ወደተዘጋጀው ክፍል መሄድ እንደሚችል ተነገረ። አዳራሹ ተነሳ። የኦፕቲክስ ሊቃውንት፣ ዕድሜያቸውን በሌንስ የጨረሱ ሰዎች፣ በሆቴሉ ኮሪደር ተሰለፉ።

ክፍሉ ውስጥ ያለው በቀይ ጨረር የበራ ብርጭቆ ነው። ወደ እሱ ጎንበስ ያለ ሰው እንደ መስኮት ያይበታል። ከመስኮቱ ማዶ ባቡሯ ቆማለች። ራሱን ወደ ግራ ቢያደርግ ከፊት ያለው ይሸሽና ከኋላው ተከልሎ የነበረው ብቅ ይላል። የቅርቡን ሲያይ የሩቁ ይደበዝዛል፣ ልክ እውነተኛ ዕቃ ፊት እንደቆመ። ከሊቃውንቱ አንዳንዶቹ በመስተዋት የተሠራ ማታለያ መሰላቸው፤ ባቡሯን የት እንደደበቋት ጠየቁ።

አልደበቋትም። ባቡሯ እዚያ አልነበረችም።

ሰልፉ ግን ማለቁ አይቀርም፤ ሌዘሩም መጥፋቱ አይቀርም። ቀዩ ጨረር ሲጠፋ ብርጭቆው ላይ የሚቀረው ግራጫ ጭጋግ ነው። ወደ መስኮት ቢወስዱት፣ ፀሐይ ቢያሳዩት፣ ባቡሯ አትመለስም። ያለ ጨለማ ክፍልና ያለዚያ ውድ መሣሪያ የማትኖር ባቡር ናት።

በፀሐይ የሚነበበው ጽሕፈት በዚያች ሰዓት ሌኒንግራድ ነው ያለው፤ የጻፈውም ሰው አማኝ አጥቶ ሥራውን ወደ ጎን አድርጎታል። የዋሽንግተኑ ወሬ ወደ እሱ እየተጓዘ ነው።

ይቀጥላል።