የአራት ዓመቱ «ጥፋተኛ»

አንዲት እናት በሥራዋ ላይ ሳለች ስልክ ይደወልላታል። «ልጅሽ ዛሬም ጓደኛውን ነክሷል፤ መጥተሽ ውሰጂው፤ ከነገም ጀምሮ አታምጪው» የሚል ነው። ጥፋተኛው ገና አራት ዓመቱ ነው። እናቲቱ ሥራዋን ጥላ ትሄዳለች፤ ነገ ልጁን ለማን ትታ እንደምትመለስ ግን አታውቅም።

ይህን ያመጣነው ለምሳሌ ያህል ነው፤ ይሁን እንጂ በአሜሪካ አገር በብዙ ቤት የደረሰ ነገር ነው። የሥነ ልቡና ሊቅ የሆኑት ዋልተር ጊሊያም በዬል ዩኒቨርሲቲ ሳሉ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። በ40 ግዛቶች የሚገኙ፥ በመንግሥት ገንዘብ የሚረዱ 3,898 የሕፃናት መማሪያ ክፍሎች ሲመረመሩ፥ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ1,000 ሕፃናት 7 ያህሉ ተባርረው ተገኙ። ይህም ከፍ ባሉት ክፍሎች ከሚባረሩት ተማሪዎች መጠን ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ፊደል በቅጡ ያልለየው ሕፃን ከጎረምሳው ይልቅ ተባራሪ ሆነ ማለት ነው! ከተባረሩትም ውስጥ ወንዶቹ ከሴቶቹ፥ ጥቁሮቹም ከነጮቹ በመጠን የበዙ ነበሩ።

እኛ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ሲባል እየሰማን አድገናልና፥ የሕፃን ሐዘንም ለቁም ነገር የሚበቃ አይመስለንም። ስለ ሕፃን የአእምሮ ጤና የተነሣ እንደ ሆነም ብዙ ሰው ነገሩን ከእብደት ጋር ያያይዘዋል። ትርጓሜው ግን ሌላ ነው። ሕፃኑ የሚያምነው ሰው አለው ወይ? ሲከፋው መጽናናትን፥ ሲቈጣም መብረድን እየተማረ ነው ወይ? ነገሩ ይህ ነው። የልቡን በቃል መናገር ያልቻለ ሕፃን በጥርሱና በእጁ ይናገራል። ስለዚህ የሠለጠነች ሞግዚት «ይህ ልጅ ክፉ ነው» ከማለቷ በፊት፥ የሚናከሰው መቼ እንደ ሆነ ትመረምራለች። ሲርበው ነውን? እናቱ ስትለየው ነውን? ወይስ ከጨዋታው በድንገት ሲያስነሡት? ምክንያቱን ያገኘች እንደ ሆነ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ጨዋታው ሊያበቃ ሲል አስቀድሞ መንገር፥ «ተቈጥተሃል» ብሎ ስሜቱን በስሙ መጥራት፥ የዕለቱን ሥራ በሥርዐት ማስኬድ ነው።

የኮኔክቲከት ግዛት ከ2002 ጀምሮ በመንግሥት ገንዘብ የሚያሠራው በዚህ መንገድ ነው። የአእምሮ ጤና ዐዋቂ ወደ ሕፃናቱ ማዋያ እየሄደ ለጥቂት ወራት ከአስተማሪዋ አጠገብ ይቀመጣል፤ ልጁን ነጥሎ ከማከም ይልቅ እርሷን ያሠለጥናል። በ2016 የታተመው ጥናት እንዳስረዳው፥ ይህ እርዳታ በደረሳቸው ክፍሎች የሕፃናቱ የጠባይ ችግር እርዳታውን ካላገኙት ይልቅ ቀንሷል።

«ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ግን ገንዘቡ አሁንም እየወጣ መሆኑን እናሳስባለን፤ ከሥራዋ የቀረችው እናት በደመወዟ፥ የተባረረው ሕፃን በዕድሜው እየከፈሉት ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2014 ባደሰው ሕግ፥ ግዛቶች ለሕፃናት ጥበቃ ከሚያገኙት የፌዴራል ገንዘብ ደረጃ በደረጃ ቢያንስ ከመቶ 9 እጁን ለጥራት ማሻሻያ እንዲያውሉ አድርጓል፤ የጠባቂዎች ሥልጠናም ከዚህ ሊከፈል ይችላል። ሆኖም የሠለጠነችው ሞግዚት ደመወዙ አንሷት ሥራዋን ብትለቅ ዕውቀቱ አብሯት ይሄዳል። የዋሽንግተን ከተማ ይህን በመገንዘብ በ2022 ለሕፃናት አስተማሪዎች የደመወዝ ማሻሻያ መክፈል ጀመረች። በዚያች ከተማና በአካባቢዋ ሕፃናትን በመጠበቅ የሚተዳደሩ እኅቶቻችን ብዙዎች ናቸውና፥ ነገሩ የባዕድ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

በአገራችንም በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር፤ ማቆያዎችም ተከፍተዋል። ደስ የሚያሰኝ ጅምር ነው። ነገር ግን በጀት የምታዘጋጁ ወጣት ሹማምንት ሆይ፥ ፍራሹን፥ አልጋውንና መጫወቻውን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ወረቀቱን ገና አትዝጉት። ሕፃኑ ቀኑን የሚውለው በፍራሹ ላይ ብቻ ሳይሆን በአንዲት ሴት እጅ ነው። የእርሷ ማሠልጠኛና የድካሟ ዋጋ ካልተጻፈ፥ የቀረው ሁሉ የቤት ዕቃ ነው።